የጠላ ጣዕምና እርሾ
(ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለአምቢኮ አካባቢ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ጠላ ነው። ወንዶች «ይህ የጓዳ ነገር ነው» ብላችሁ ጆሮ አትንፈጉኝ፤ ጋን ሲበላሽ የሚደፋው ያረሳችሁት ገብስ ነው። ለደቦ የጠራችኋቸው ሰዎች መጥተው ጠላው ሆምጥጦ ቢገኝ፣ ዕፍረቱም ኪሳራውም የቤተ ሰቡ ሁሉ ነው።

ጠላን ጠላ የሚያደርገው እርሾ የሚባል በዐይን የማይታይ ሕያው ነገር ነው። ሕያው መሆኑንም የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ19ኛው መቶ ዓመት አስረድቷል። እርሾ ከብቅሉ የሚገኘውን ስኳር እየበላ አልኮልና ጋዝ ያወጣል፤ ከዚህም ጋራ መጠናቸው እጅግ ያነሰ፣ ነገር ግን አፍንጫ ፈጥኖ የሚለያቸው መዓዛዎች ይሠራል። ጠላው የበሰለ ፍሬ የመሰለ ሽታ የሚያገኘው ከዚሁ ነው። የጌሾው ምሬት፣ የአሻሮው ቁላትና የወይራው ጢስ ድርሻቸው ትልቅ ቢሆንም፣ የደከመ እርሾን ጉድለት አይሸፍኑም።

እርሾ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ደኅና ይሠራል። ደባርቅ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አምቢኮም ደጋ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል እናንተው ታውቃላችሁ። እርሾው በብርድ ሲያንቀላፋ አኮምጣጭ ተሐዋስያን ጊዜ ያገኛሉ። ስለዚህ ጥንስሱን ከምድጃው ፈንጠር አድርጋችሁ ሙቀቱ በሚደርሰው ቦታ አኑሩት፤ ሌሊት ገለባና አሮጌ ጋቢ አልብሱት። ከእሳቱ ጋራ ግን አታጣብቁት፤ ከመጠን በላይ የሞቀ ጠላ ጉሮሮ የሚከረክር ይሆናል።

እንኩሮውንም በትኩሱ አትጨምሩ። እሳት የመሰለ እንኩሮ በጥንስስ ላይ ሲገለበጥ እርሾው ተቀቅሎ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ባለሞያዪቱ ጌሾውን ትወቅሳለች! በእጅ ተይዞ ለብ እስኪል ድረስ ይብረድ።

የእንጀራ እርሾ ከጎረቤት ትዋዋሱ የለምን? ለጠላም እንዲሁ አድርጉ። ጣፋጭ ጠላ ከተጠጣበት ጋን፣ ገና ሳይሆመጥጥ፣ ከአተላው አንድ ጣሳ ወስዳችሁ በአዲሱ ጥንስስ ላይ ጨምሩ፤ በአተላው ውስጥ ሕያው እርሾ አለ። ከሱቅ የሚገዛው የዳቦ እርሾ ፈጥኖ ያፈላል፤ ነገር ግን ለዳቦ የተመረጠ ስለሆነ ለጠላ ባትጨምሩት ይሻላል እላለሁ።

ጋኑን በግራዋ አጥባችሁ በወይራ እጠኑ፤ ድፍድፉ ከተበጠበጠ በኋላ አፉን በጭቃ ምረጉ፤ አየር ከገባ አልኮሉ ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል። የሻገተ እህል ግን ከነጭራሹ አይጠመቅ፤ የሻጋታውን መርዝ መፍላት አያጠፋውም።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ በአንድ ቤት ሁለት እንስራ አስጠንስሱ፤ ብቅሉና ጌሾው አንድ ይሁን፤ በአንዱ ብቻ የአተላ እርሾ ይጨመር። ቀኑን ጻፉ፤ ሲደርስም የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳትናገሩ ለጎረቤት አስቀምሱ።