የቅጥር ደብዳቤና የገንዘቡ አቅጣጫ

(በሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የሂሳብ ሰው መሆናችን በጎረቤትና በዘመድ ዘንድ ካተረፈልን ሥራ አንዱ የሰው ወረቀት መመርመር ነው። «እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ፤ እውነት ነውን?» ተብሎ ከውጭ አገር የመጣ የቅጥር ደብዳቤ ያልቀረበለት ከመካከላችን ጥቂት ቢሆን ነው። ጠያቂው መልሳችንን ይዞ ሄዶ ወይ በሬውን ይሸጣል፣ ወይ የዓመታት ቁጠባውን ያወጣል። ስለዚህ በዋዛ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ቀድሞ የሚሰጠው ምክር ቀላል ነበር፤ ፊደሉ የተሳሳተ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ ደብዳቤ ሲመጣ ጠርጥሩ ይባል ነበር። ዛሬ ይህ ምክር አርጅቷል። በኮምፒውተር የሚዘጋጀው የሐሰት ደብዳቤ ከእውነተኛው ይልቅ ያማረ፣ ቋንቋውም የጠራ ሆኖ ይገኛል። (እውነተኛ መሥሪያ ቤቶች የሚጽፉት ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ለዓይን የማይሞላ መሆኑን እኛው እናውቀዋለን።) ስለሆነም ከመልኩ ይልቅ በለመድነው ሙያ እንመርምረው፤ ይኸውም ገንዘቡ ከማን ወጥቶ ወደ ማን ይሄዳል ብለን እንጠይቅ። ቅጥር ማለት ገንዘብ ከአሠሪው ወደ ሠራተኛው የሚሄድበት ውል ነው። አንድም ደመወዝ ሳይከፈል «ለቪዛ ማስፈጸሚያ»፣ «ለሥልጠና»፣ «ለመያዣ» እየተባለ፣ ያውም በአንድ ግለሰብ የባንክ ሂሳብ፣ ገንዘብ ከአመልካቹ የሚጠየቅ ከሆነ ነገሩ ተገልብጧል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ከአመልካች ክፍያ እንደማይቀበል በይፋ ያስታውቃል፤ ሆኖም በስሙ የሚሰራጨው የሐሰት ማስታወቂያ አልቀነሰም። ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደግሞ የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣውንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው።

ይህ መመርመሪያ የማይደርስበት ግን አለ፤ እርሱም ከሁሉ የከፋው ነው። በታይላንድ የኮምፒውተር ወይም የደንበኞች አገልግሎት ሥራ አለ ተብለው፣ አንዳንዶቹም ትኬት ሳይቀር ተቆርጦላቸው የሄዱ ወጣቶች ድንበር ተሻግረው ማያንማር ውስጥ ምያዋዲ አካባቢ በታጠሩ ግቢዎች ታግተው ቆይተዋል። በዚያም በኢንተርኔት ሌላውን ሰው እንዲያጭበረብሩ ተገድደዋል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ያህል ሰዎች ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንዲህ ባለው ጊዜ የሚመረመረው ገንዘቡ ሳይሆን ቪዛው ነው። ለሥራ ተጠርቶ በጎብኚ ቪዛ የሚሄድ ሰው ሕጋዊ ውል የለውም። የአሠሪውንም መኖር ለማረጋገጥ በደብዳቤው ላይ ወደ ሰፈረው ስልክ መደወል ዋጋ የለውም፤ ቁጥሩን ራሳችን ከሌላ ምንጭ ፈልገን ማግኘት ይኖርብናል።

ከከፈለ በኋላ ወደ እኛ የሚመጣም አይጠፋም። አብዛኛው እፍረት ይዞት ቀናት አሳልፎ ነው የሚመጣው። ወቀሳውን ለሌላ ጊዜ እናቆይለት። የባንክ ደረሰኙንና የተለዋወጠውን መልእክት ሳያጠፋ በዚያው ቀን ለባንኩና ለፖሊስ እንዲያመለክት እንርዳው፤ ባንኩ ሊያግደው የሚችልበት ዕድል የሚኖረው ገንዘቡ ከተቀባዩ ሂሳብ ሳይወጣ ነውና።