ጓሳና የጊዜ ወጥመድ፦ መውጫ በሌለበት ስለሚደረግ ስምምነት



ስለ ዲፕሎማሲ ለመናገር ቆሜ በካርቱን ፊልም መጀመሬ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ጦርነትን ስለ ማስቀረት ከተሠሩት ልቦለዶች መካከል የመንዝን ጓሳ እንደዚህ ፊልም ያስታወሰኝ የለም።

«የጊዜ ወጥመድ» የተሰኘው የአኒሜሽኑ «ስታር ትሬክ» ክፍል በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው በኅዳር 1966 ዓ.ም. ነው። የካፒቴን ከርክ ኢንተርፕራይዝና የክሊንጎኑ አዛዥ የኮር ክሎቶስ፣ ሁለት ጠላት የኅዋ መርከቦች፣ በግጭት ላይ ሳሉ መውጫ በሌለው የኅዋ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። በዚያ የ123 ልዩ ልዩ ዘሮች ተወላጆች ምክር ቤት አቋቁመው በሰላም ይኖራሉ። ምክር ቤቱ ለአዲሶቹ የሚነግራቸው ሕግ አጭር ነው፦ ከሠራተኞቻችሁ ጠብ የሚያነሣ ቢኖር ተጠያቂው አዛዡ ነው፤ መርከቡም ለመቶ ዓመት እንዳይንቀሳቀስ ይታገዳል። ተዋደዱ የሚል ቃል በሕጉ ውስጥ የለም።

ጓሳም እንዲሁ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጠው በዚህ ደጋ የሚበቅለው ሣር የቤት ክዳን፣ ገመድና የዝናብ መከላከያ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ደግሞ የከብት መጠጊያ። ሁሉም ይፈልገዋል፤ ለሁሉም በየዓመቱ አይበቃም። የአካባቢው ትውፊት እንደሚለው፣ አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ቦታውን ከልለው ለሁለት ወገን አካፈሉት። ቀሮ በተባለው ሥርዓት እያንዳንዱ ወገን የራሱን አባ ቀራ ይመርጥ ነበር። ጓሳው ለተከታታይ ዓመታት ሊዘጋ ይችላል፤ የሚከፈትበት ቀን ግን በአደባባይ ይነገራል፤ ተላላፊውም ይቀጣል። ጎረቤት ጎረቤቱን ባያምነው እንኳ ቀኑንና ቅጣቱን ያውቃል።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ሁለቱም መርከቦች ለብቻቸው ማምለጥ አይችሉም፤ ስለዚህ በስፖክ ሐሳብ ተጣምረው አንድ መርከብ ይሆናሉ። ክሊንጎኖቹ በስውር ፈንጂ ያኖራሉ፤ ተንኮሉ በጊዜ ይደረስበትና ሁለቱም ይወጣሉ። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ኮር ለአለቆቹ መልእክት ሲልክ የማምለጡን ክብር ለራሱ ያደርገዋል፤ ከርክም ይተወዋል። ይህን የአገራችን ሽማግሌ ያለ መምህር ያውቀዋል። ደም የተቃቡትን ሲያስታርቅ ግማሽ ድካሙ እውነቱን ለማውጣት ከሆነ፣ ሌላው ግማሽ ሁለቱም ወገኖች አንገታቸውን ሳይደፉ ወደ ቤታቸው የሚገቡበትን መንገድ ለመጥረግ ነው።

መንገዱ ሲዘጋ የሚሆነውን በውጫሌ አይተናል። የ1881 ዓ.ም. ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል»፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነበር። ነገሩ የትርጉም ስሕተት ብቻ ነው የሚሉትን አልቀበልም። የጣሊያን መንግሥት ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር ናት ብሎ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ፤ በዓለም ፊት የተናገረውን መዋጥ ደግሞ ተሳነው። ዐፄ ምኒልክም ነጻነታቸውን የሚደራደሩበት ነገር አላደረጉትም። ፍጻሜው በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ሆነ።

እስካሁን ቀሮን አሞገስሁ፤ አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የመጠቀም መብቱ በአጽመ ርስት፣ ማለትም በዘር ሐረግ፣ የተወሰነ ነበር። ሰላሙ ከአስቦና ከጌራ ለሚወለዱት እንጂ ለአጠገባቸው ነዋሪ ሁሉ አልነበረም። ፊልሙ ከታየ ከአሥራ አምስት ወራት ገደማ በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. መጨረሻ የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትን ሲሽር ውጭ የቀሩትም ባለ መብት ሆኑ፤ ከዚያው ጋር ግን የአባ ቀራ ሥልጣን ወደቀ፤ ጓሳውም ያለ ጠባቂ ተመናመነ። በኋላ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ከየገበሬ ማኅበሩ የተውጣጣ ኮሚቴ አቋቁመው ክልከላውን መለሱት፤ በዚህ ጊዜ የአባት ስም ሳይጠየቅ።

እናንተ የሕግና የፖለቲካ ተማሪዎች እንድትከራከሩበት የምሻው እዚህ ላይ ነው፦ ዐዋጁ አሮጌውን ሰላም ባያፈርሰው ኖሮ የተገለሉት ወደ ሸንጎው በየት በኩል ይገቡ ነበር? ጥያቄያችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።