ውኃው ይቅደም፣ እሳቱ ይከተል
ስለ አሮጌ ካምፐር የውኃ ማሞቂያ የተሰጠ የሬዲዮ ትምህርት



የዛሬው ንግግሬ፣ በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ልጆቻችንን ይዘን ወደ ሸነንዶዋ ተራሮች ወይም ወደ ኮሎራዶ ደኖች ስንወጣ ከመኪናችን ኋላ የምንጎትታትን፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለችውን ካምፐር የሚመለከት ነው፤ ከዕቃዋም ሁሉ ይልቅ የምናገረው፣ በጎኗ ካለችው ትንሽ የቆርቆሮ መዝጊያ ኋላ ተሸሽጎ ፕሮፔን በሚባለው ጋዝ ውኃ ስለሚያሞቅልን መሣሪያ ነው። ይህን መሣሪያ በመጠገን ብዙ ዘመን ስለ ቆየሁ፣ አንዳንዱ ሰው ከፍርሃቱ የተነሣ አንድ ቀን እንኳ ሳያበራው በበረዶ ውኃ ሲታጠብ፣ ሌላው ደግሞ ሥርዓቱን ሳይጠይቅ በድፍረት ነክቶት ሲጎዳ አይቻለሁ። ሁለቱም ነገር ባልተገባ ነበር፤ መሣሪያው ሥርዓቱን ለሚጠብቅለት ሰው እጅግ ታዛዥ ነውና።

አበው ሊቃውንት መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት አራቱ የሥጋ ባሕርያት ናቸው ብለው ያስተምሩናል። በዚህች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ውኃው 23 ሊትር ገደማ በሚይዝ ጋን ተቀምጦ፣ እሳቱ ጋኑን ሰንጥቆ በሚያልፍ ቧንቧ ውስጥ እየነደደ፣ ነፋሱም በመዝጊያዋ ቀዳዳዎች ገብቶ እሳቱን እየመገበ፣ ሦስቱ ባሕርያት በአንድ ጣራ ሥር ጎረቤት ሆነው ያድራሉ። ጉርብትናቸው የሚጸናው ግን እያንዳንዱ በተራውና በስፍራው ሲገኝ ብቻ ነው።

አስቀድሜ ስለ ጋዙ ጠባይ ጥቂት ልበል። ጋዝ ስል ለፋኖስ የምንሞላውን ነጭ ጋዝ ማለቴ አይደለም። ፕሮፔን ማለት፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ዋልተር ስኔሊንግ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ከቤንዚን እየተነነ የሚጠፋውን ነገር ሲመረምር የለየው፣ ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚፈላ፣ በሲሊንደር ውስጥ ግን በግፊት ኃይል ፈሳሽ ሆኖ የሚቀመጥ ነዳጅ ነው። ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ፣ ካመለጠ ወደ ላይ እንደ ዕጣን ጢስ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ወለል ለወለል እየተሳበ ከዝቅተኛው ስፍራ ይተኛል። በተፈጥሮው ሽታ የሌለው ነው፤ ያ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ እኛን ለማስጠንቀቅ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1937 በቴክሳስ ግዛት ኒው ለንደን በሚባል ከተማ ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ከአንድ ትምህርት ቤት ወለል በታች ተጠራቅሞ ፈንድቶ፣ ወደ 300 የሚጠጉ ነፍሳት፣ አብዛኞቹም ሕፃናት፣ በአንድ ቀን ካለቁ በኋላ፣ ጋዝ ሽታ እንዲጨመርበት በሕግ ተደነገገ። ስለዚህ ያ ሽታ ሲሸታችሁ መስኮት ከፍቶ መቀመጥ አይበቃም፤ ክብሪትም የመብራት ማብሪያም ሳትነኩ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ሲሊንደሩንም ከውጭ ዝጉት።

እንግዲህ ወደ ሥርዓቱ ልግባ። የመጀመሪያው ሕግ ውኃው እሳቱን መቅደሙ ነው። ባዶ ድስት ጥዶ የረሳ ሰው የሚገጥመውን የምታውቁ እናቶች ይህን ከእኔ ይልቅ ታስረዱታላችሁ። ፓምፑን አስነሥታችሁ የወጥ ቤቱንም የሻወሩንም የሙቅ ውኃ ቧንቧ ብትከፍቱ፣ መጀመሪያ አየር ብቻ ይተነፍሳል፣ ቀጥሎ ውኃና አየር እየተቀላቀለ ይተፋል፣ በመጨረሻም ሳያቋርጥ ጥርት ብሎ ይወርዳል። ብዙ ሰው በዚህ ምልክት ረክቶ ክብሪቱን ያነሣል፤ ነገር ግን በአሮጌ ካምፐር ላይ ምልክቱ ሊያታልል ይችላል። የቀድሞው ባለቤት ካምፐሯን ለክረምት ሲያዘጋጅ፣ ውኃው ወደ ጋኑ ሳይገባ በአጠገቡ እንዲያልፍ የሚያደርጉትን ቫልቮች አዙሮ ትቷቸው እንደሆነ፣ የሙቅ ውኃው ቧንቧ እንደ ምንጭ እየወረደ ጋኑ ግን ባዶ ሆኖ ይገኛል። ቫልቮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ውስጥ ከማሞቂያው ጀርባ ስለሚገኙ፣ ባትሪ ይዛችሁ በዓይናችሁ እዩአቸው። እርግጠኛ ለመሆን ደግሞ፣ መሣሪያው ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከውጭ በኩል ከላይ ያለውን የማስተንፈሻ ቫልቭ እጀታ ቀና አድርጉት፤ ውኃ ከፈሰሰ ጋኑ ሞልቷል። በኤሌክትሪክም የሚያሞቅ ዓይነት ከሆነ ይህ ጥንቃቄ ይብሳል፤ የኤሌክትሪኩ ዘንግ ውኃ በሌለበት በጥቂት አፍታ ይቃጠላልና።

ውኃው ከቀደመ በኋላ የሲሊንደሩን ቫልቭ በዝግታ ክፈቱት። በችኮላ የተከፈተ እንደሆነ፣ በውስጡ ያለው መከላከያ፣ ቧንቧ የተበጠሰ መስሎት፣ የጋዙን መንገድ ያጠብበዋል፤ ባለቤቱም ጋዝ እያለው እሳት አጣሁ ብሎ ይቸገራል። ቀጥሎ የወጥ ቤቱን ምድጃ ጥቂት ለኩሱት፤ በቧንቧው የተኛው አየር በዚያ በኩል ይወጣል፣ እሳቱም ሳይንቀጠቀጥ ከጸና ጋዙ ደርሷል ማለት ነው።

አሁን መዝጊያዋን ክፈቱ። አዳዲሶቹ ማሞቂያዎች ከውስጥ ቁልፍ ሲጫኑ በራሳቸው ብልጭታ ይለኮሳሉ፤ በአሮጌዎቹ ላይ ግን በሦስት ስፍራ የሚቆም መዘውር ታገኛላችሁ፤ አንዱ ማጥፊያ፣ ሁለተኛው ፓይለት የምንላት የትንሿ ነበልባል፣ ሦስተኛው ዋናው እሳት ነው። መዘውሩን በማጥፊያው ላይ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጠብቁ። ይህችን አምስት ደቂቃ የማትረባ አድርጎ የሚያልፋት ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሥርዓቱ ሁሉ አጥብቄ የምለምናችሁ እርስዋን ነው። ቀድሞ ያመለጠ ጋዝ ከሣጥኑ ሥር ተኝቶ እንደሆነ የሚወጣው በዚያች ጊዜ ነው። ከዚያም ጎንበስ ብላችሁ ከታች አሽትቱ። ሽታ ከሌለ፣ ፊታችሁን ከመዝጊያዋ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን አድርጋችሁ፣ መዘውሩን ወደ ፓይለት መልሳችሁ ተጫኑትና ረጅም ክብሪት አቅርቡ። መዘውሩ በእጅ አልጫንም ካለ ፒንሳ አታምጡበት፤ ያ ቫልቭ የሚለወጥ እንጂ የሚታገሉት አይደለም።

አንዲት እኅታችን ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ከሸነንዶዋ በስልክ ጠርታኝ፣ «ጋሼ፣ ይኸው ሰባት ክብሪት ጨረስኩ፣ ይበራል፣ እጄን ሳነሣ ድርግም ይላል» አለችኝ። «ልጄ፣ ስንት ጊዜ ተጭነሽ ቆየሽ?» ብላት፣ «እስኪበራ ነዋ» አለች። «እንግዲያው ስምንተኛውን ለኩሺና፣ እንደ ተጫንሽ አባታችን ሆይን ቀስ ብለሽ ሁለት ጊዜ ድገሚ» አልኋት። በስልኩ ውስጥ የክብሪቱ መጫር፣ ቀጥሎም የንፋሱ ድምፅና የጸሎቱ ሹክሹክታ ይሰማኝ ነበር። «ለዘለዓለሙ አሜን» ብላ እጇን አነሣች፤ ዝም አለች፤ ከዚያም «አልጠፋም!» ብላ ጮኸች። መዘውሩን ወደ ሦስተኛው ስፍራ ስታዞረው ዋናው እሳት «ውፍ» ብሎ ሲነሣ እኔም ቤቴ ሆኜ ሰማሁት።

የዚህ ምሥጢሩ እንዲህ ነው። ከትንሿ ነበልባል ውስጥ ጫፏን ያስገባች የእርሳስ ውፍረት ያላት የብረት ዘንግ አለች፤ ስምዋ ቴርሞካፕል ይባላል። ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች ተጋጥመው መጋጠሚያቸው ሲግል የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚያመነጩ፣ ጀርመናዊው ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 ባደረገው ምርመራ ከተገለጠ በኋላ፣ ዘንጓ የተሠራችው በዚያ ጥበብ ነው። ጫፏ ሲቀላ የምትሰጠው ኃይል 30 ሚሊቮልት ያህል፣ ይኸውም የአንድ የባትሪ ድንጋይ አምሳኛ እጅ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ይህችው ጥቂት ኃይል በቫልቩ ውስጥ ያለውን ማግኔት ይዛ የጋዙን በር ክፍት አድርጋ ታቆየዋለች። ንፋስ ነበልባሉን ቢያጠፋው ዘንጓ ትቀዘቅዛለች፣ ማግኔቱም ይለቅቃል፣ በሩም ይዘጋል፤ ጋዙም ያለ እሳት አይፈስስም። እንግዲህ እኅታችን የተጫነችበት አንድ ደቂቃ ዘንጓ እስክትግል ድረስ በሩን በእጅ መያዝ ነበር። ከደቂቃ በኋላም የሚጠፋ ከሆነ፣ ጫፏ ከነበልባሉ ውጭ ዘምማ ወይም ሥሯ ላልቶ ወይም አርጅታ ነው፤ ዋጋዋም ብዙ አይደለምና ለውጧት።

የእሳቱን መልክ ደግሞ እዩ። ጤናማው እሳት ሰማያዊ ነው፤ ቢጫ ሆኖ የሚወላገድና ጥቀርሻ የሚተው ከሆነ አየር አንሶታል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ካምፐሯ ቆማ በከረመችበት ወራት በማንደጃው ቧንቧ ውስጥ ድሯን ያደራች ሸረሪት ናት። ጋዙን ዘግታችሁ፣ ብረቱ ሲበርድ በቀጭን ብሩሽ ጥረጉት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውኃው 60 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ይህም የሕፃን ቆዳ በቅጽበት የሚያቃጥል ስለ ሆነ፣ ቀዝቃዛውን አስቀድማችሁ ክፈቱ። ውኃው ሲሞቅ ስለሚሰፋ፣ ከጋኑ አናት ላይ ጥቂት አየር ትራስ ሆኖ ይቀበለዋል፤ ያ አየር በጊዜ ብዛት ሲያልቅ የማስተንፈሻው ቫልቭ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። መሣሪያውን አጥፍታችሁ፣ ውኃው ከቀዘቀዘ በኋላ ፓምፑን ዘግታችሁ፣ የሙቅ ውኃ ቧንቧ ከፍታችሁ የቫልቩን እጀታ ውኃ መፍሰሱን እስኪያቆም ብትይዙት አየሩ ይመለሳል። ጠብታው አስቸገረኝ ብሎ ያን ቫልቭ በብሎን የደፈነ ሰው አጋጥሞኛል። ይህ ታላቅ ጥፋት ነው፤ ቫልቩ ሙቀቱ 99 ዲግሪ ወይም ግፊቱ ከአየር ግፊት አሥር እጥፍ ሲደርስ እንዲከፈት የተሠራ ነውና፣ እርሱን መድፈን ጋኑን ፈንጂ ማድረግ ነው።

ስለ ጋኑ ዕድሜ አንድ ነገር ልጨምር። ሰበርባን የሚባለው ዓይነት ጋኑ ውስጡ በሸክላ መሰል ልባጥ የተለበጠ ብረት ስለ ሆነ፣ ከማግኒዚየም የተሠራ አኖድ የሚሉት ዘንግ ይገባበታል፤ አትዉድ የሚባለው ግን ጋኑ አሉሚኒየም ስለ ሆነ አያስፈልገውም። እንግሊዛዊው ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የባሕር ኃይሉን መርከቦች የመዳብ ልባስ ከጨው ውኃ ለማዳን፣ ቶሎ የሚበላ ሌላ ብረት ቢያያዝበት መዳቡ እንደሚተርፍ አሳየ። ይህም ዘንግ እንዲሁ ለጋኑ ቤዛ ሆኖ ይበላል። አዲስ ሲገባ ስንዝር የሚያህልና የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ሲሆን፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ባወጣሁት ጊዜ እንደ አጥንት ተቦርቡሮ፣ ቀጭን የመካከል ሽቦው ብቻ ቀርቶ ያገኘሁት ብዙ ነው። ሦስት አራተኛው ካለቀ ይለወጥ። ለማውጣት ግን መጀመሪያ ጋኑ ይብረድ፣ ውኃው ይዘጋ፣ ግፊቱም በማስተንፈሻው ይውጣ። እኔ በወጣትነቴ ይህን ዘንግቼ መፍቻውን ባዞርሁ ጊዜ፣ የፈላው ውኃ ዘንጉን እንደ ጥይት አስፈንጥሮ ግራ ክንዴን ላጠው፤ ጠባሳው ዛሬም አለ።

ካምፐሯ ከመንቀሳቀሷ በፊት ፓይለቱን አጥፉ፣ ሲሊንደሩንም ዝጉ፤ ቤንዚን ማደያ ውስጥ የበራች ነበልባል ይዞ መግባት በነፍስ መጫወት ነው። ውርጭ ከመግባቱ በፊትም ጋኑን ባዶ አድርጉት፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ስለሚሰፋ፣ ብረትም አይችለውም።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ካልተስተካከለ እሳት የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደ ፕሮፔኑ ሽታ አልተጨመረበትም፤ የተኛን ሰው ሳያስነሣ ይገድላል። በካምፐራችሁ ግድግዳ ላይ ለዚህ ጋዝ፣ ከወለሉም አጠገብ ለፕሮፔኑ የተሰቀሉ ጠቋሚዎች አሉ፤ አብዛኞቹም ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ሲሆናቸው መብራታቸው እየበራ እንኳ ማሽተት ያቆማሉ። የሠላሳ ዓመት ካምፐር የገዛችሁ ወገኖቼ፣ ነገ ሲነጋ ጠቋሚዎቹን ከግድግዳው አውርዳችሁ፣ በጀርባቸው የተጻፈውን ዓመት አንብቡት።