የሞተር ብስክሌት ጎማን በቤት ውስጥ ሚዛን ማስያዝ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



በበዓል ቀን ስለ ጎማ ማውራት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከቀበሌ ቀበሌ የሚያደርሰን ሞተር ሲቆም የማዳበሪያው ምክርም፣ የተባይ አሰሳውም አብሮ ይቆማል።

ባለፈው ክረምት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መሪው እየተንቀጠቀጠ ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ጎማ ቀይሬ ሳልፈትሽ ነው የተነሣሁት። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ አዛውንት ጎሚስታ «አብሽር ልጄ፣ ይህ እኮ በቤትህ የሚሠራ ነው» ብለው አሳዩኝ።

ቸርኬው በአንድ በኩል 30 ግራም ብቻ ቢከብድ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስንነዳ ጎማውን 2 ኪሎ ገደማ በሆነ ጉልበት እየዞረ ይጎትተዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ኮረኮንች ላይ ያልታወቀን ችግር አስፋልት ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው።

አስቀድሞ ጭቃውን ማጠብ ነው። (ችግሩ ጭቃ ብቻ ሆኖ የተገኘበት ሞተር አይቻለሁ።) ቀጥሎ ራጂዎቹን መታ መታ ማድረግ፤ የላላው ድምፁ ደነዝ ይላል፣ እሱን ማጥበቅ ነው። ከዚያ ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ባላዎች አጥብቆ መትከል። የፊቱን ጎማ ፈትቶ፣ የፍሬኑን ክዳን አውጥቶ፣ ዘንጉን መልሶ አስገብቶ ባላዎቹ ላይ ማስቀመጥ ነው። በቀስታ አዙሩትና ሲቆም ታችኛውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማችሁ ምልክቱ ሁልጊዜ ወደ ታች ከመጣ፣ ከባዱ ወገን እሱ ነው። በትይዩው ባለው ራጂ ላይ፣ ቸርኬው አጠገብ፣ ቁራጭ እርሳስ ወይም የመዳብ ሽቦ ጥቂት በጥቂት ጠምጥሙ። ጎማው ባቆማችሁት ቦታ ሁሉ ሳይዞር ከቆመ ሚዛኑን ይዟል ማለት ነው። ኩሽኔቱ የጠጠረ ከሆነ ግን ጎማው ይዋሻል፤ መጀመሪያ ግራሶ ይቀባ።

የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ቸርኬ በዚህ አይድንም፤ ወደ ጋራዥ ይሂድ። ጎማው ከተገጠመ በኋላም ብሎኑንና ፍሬኑን ግቢ ውስጥ ሳትፈትሹ መንገድ አትውጡ።

ኃላፊዎቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሞተር በጀት ሲያዝ ከነዳጁ ጋር ለየጽሕፈት ቤቱ አንድ የራጂ መፍቻ ይታሰብልን። ባላዎቹን ከአዳራሹ ውጭ ተክያቸዋለሁ፤ ከምሳ በኋላ የራሴን ጎማ ፈትቼ አሳያለሁ።