መልክና ሥራ በራቁቱ ሞተር ብስክሌት

(በሬዲዮ ከተደረገው ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሞተር ብስክሌት ነው። ምናልባት ከእናንተ መካከል «ይህ የጐረምሳ ጨዋታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር ለሚውል የመሥሪያ ቤት ሰው ምን ይረባዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ለመልእክተኛ ሞተር ብስክሌት የሚመርጥ የግዢ ሹም፣ ከደመወዙ ቈጥቦ ለራሱ የሚገዛ ጸሓፊ፣ ለልጁ ልግዛለት አልግዛለት እያለ የሚያመነታ አባት፣ ሁሉም የሚገጥማቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ለዐይን ለሚታየው መልክ ምን ያህል፣ በመንገድ ላይ ለሚፈተነው ሥራ ምን ያህል ዋጋ እንስጥ የሚለው ነው። በዚህ ምርጫ የተሳሳተ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በሁለት ጐማ ላይ የተቀመጠ ሰው በወገቡና በአንገቱ፣ አንዳንድ ጊዜም በሕይወቱ ይከፍላል።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ባለሙያዎች «ራቁት» የሚሉት የሞተር ብስክሌት ዐይነት ነው። ራቁት መባሉ ከፊቱና ከጐኑ ነፋስ የሚከለክል ሽፋን ስለሌለው ነው፤ ሞተሩ፣ ሞተሩን የተሸከመው የብረት አጥንት ማለት ሻንሲው፣ ቱቦውና ጭስ ማውጫው ሁሉ ተገልጦ ይታያል። አመጣጡን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የምጠራቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ በ1969 ሲቢ 750 የተባለውን ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ 67 የፈረስ ጉልበት ሞተር ብስክሌት ለገበያ ሲያወጣ፣ ሽፋን ባይኖረውም ማንም ራቁት ነው አላለውም፤ ልብስ በማይታወቅበት አገር ራቁት የሚባል ሰው የለምና። ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ ግን ነፋስ የነጂው ጠላት ሆነ። የጀርመኑ ቢ ኤም ደብልዩ በ1976 አር 100 አር ኤስ የተባለውን በነፋስ መፈተኛ የተጠና ሙሉ ሽፋን አልብሶ አወጣ። የጃፓኑ ሱዙኪም በ1985 ጂ ኤስ ኤክስ አር 750 የተባለውን የእሽቅድምድም ሜዳ ልብስ አልብሶ ለተራው መንገደኛ ሸጠ። ከዚያ ወዲህ ፈጣን ነኝ የሚል ሁሉ መልበስ ጀመረ፤ ያልለበሰውም «ራቁት» የሚል ስም ወጣለት።

እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። በአውሮጳ ከተሞች ወጣቶች የለበሱትን ሞተሮች እየነዱ ሲወድቁ ሽፋኑ ይሰባበራል፤ አዲሱ ሽፋን ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ስባሪውን ጥለው፣ ዝቅ ያለውን መሪ በሰፊና ከፍ ባለ መሪ ለውጠው እንዳለ ይነዱት ጀመር። ከማጣት የመጣው ነገር ውሎ አድሮ ሞድ ሆነ፤ ፋብሪካዎችም ይህን አይተው ብርቱውን ሞተር ከመጀመሪያው ራቁቱን ይሠሩት ጀመር።

ከነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ የሚገኘው የዱካቲ ፋብሪካ በ1992 በጀርመን አገር በኮሎኝ ኤግዚቢሽን ላይ ያሳየው «ሞንስተር» ነው። ነዳፊው በትውልዱ አርጀንቲናዊ የሆነው ሚጌል ጋሉዚ ነበር። ሐሳቡም ቀላል ነበር፤ መቀመጫ፣ የቤንዚን ታንክ፣ ሞተር፣ ሁለት ጐማና መሪ ካለ ለነጂው ሌላ ምን ያስፈልገዋል የሚል ነው። ስለዚህ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ከመፍጠር ይልቅ ፋብሪካው በእጁ ያለውን አጋጠመ፤ ሻንሲውን ከእሽቅድምድሙ ዐይነት፣ ሞተሩን ከሌላው የስፖርት ዐይነት ወሰደ። እንደ ጎሽ ጀርባ ያበጠ ታንክ ጫነበት፤ በብረት ቱቦዎች እንደ መረብ የተያያዘውን ሻንሲም ሳይሸፍን ተወው። ገዢዎች በዚያ የብረት መረብ ፍቅር ተያዙ። እስከ 2021 ድረስ ከ350,000 በላይ ሞንስተሮች ተሠርተዋል።

እንግዲህ በራቁቱ ሞተር ላይ የመልክ ጉዳይ የሚከብደው ለምንድን ነው ቢባል፣ ምክንያቱ መደበቂያ የሌለው መሆኑ ነው። በለበሰው ሞተር ላይ ቱቦው ቢጠላለፍ፣ ሽቦው ቢዝረከረክ ሽፋኑ ይከድነዋል፤ ከመጋረጃ ኋላ ያለ ጓዳ ማንም አያየውም። ራቁቱ ግን ጓዳውም እልፍኙም አንድ ነው። ስለዚህ መሐንዲሱና ነዳፊው በአንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው መስማማት አለባቸው።

በቀድሞው ዘመን ይህ ስምምነት ቀላል ነበር። በነፋስ የሚቀዘቅዘው ሞተር በሲሊንደሩ ዙሪያ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ የብረት ክንፎች አሉት። እነዚህ ክንፎች የሞተሩን ሙቀት ለነፋስ ያስረክባሉ፤ ደግሞም ያምራሉ። ጌጡ ሥራው፣ ሥራውም ጌጡ ነበር። በኋላ ግን የሞተሩ ጉልበት ሲበዛ፣ የአውሮጳም የጭስ ደንብ እየጠበቀ ሲሄድ፣ በውሃ መቀዝቀዝ ግድ ሆነ። ውሃ ራዲያተርና ቱቦ ይፈልጋል፤ እነዚህም ለዐይን አይስማሙም። ከዚህ የተነሣ ማስመሰል ገባ። የእንግሊዙ ትራያምፍ በ2008 በቦንቪል ላይ ካርቡራተሩን ትቶ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ሲተካ፣ አዲሱን መሣሪያ የካርቡራተር ቅርፅ አልብሶ አስቀመጠው። በ2016 ሞተሩን በውሃ ሲያቀዘቅዝም፣ ዋናው ሥራቸው ለውሃው የተላለፈባቸውን ክንፎች አላስወገዳቸውም።

«ታዲያ ይህ ማታለል አይደለምን?» ትሉኝ ይሆናል። ለመፍረድ ከመቸኰላችን በፊት አንድ ሌላ ምሳሌ እንመልከት። የጃፓኑ ካዋሳኪ በ2017 ዚ 900 የተባለውን፣ በሚከተለውም ዓመት ዚ 900 አር ኤስ የተባለውን አወጣ። ሁለቱም ባለ 948 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ሞተር ናቸው። የፊተኛው ማዕዘኑ የሾለ፣ የዘመኑ መልክ ያለው ሲሆን 125 የፈረስ ጉልበት አለው። የኋለኛው ግን ኩባንያው በ1972 ያወጣውን የዚ 1ን መልክ የያዘ ነው፤ ክብ መብራት፣ የውሃ ጠብታ የሚመስል ታንክ፣ በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይም የጌጥ ክንፎች አሉት፤ ጉልበቱም 111 ነው። ቍጥር ብቻ የሚያነብ ሰው «ለመልክ ሲባል 14 የፈረስ ጉልበት ተሠዋ» ይላል። ነገር ግን ሞተር ጐማን የሚያዞርበትን የመጠምዘዝ ኀይል ስንመለከት ነገሩ ይለወጣል። የሁለቱም ኀይል 98 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ሆኖም የፊተኛው ይህን የሚያገኘው ሞተሩ በደቂቃ 7,700 ጊዜ ሲዞር ነው፤ የኋለኛው ግን በ6,500 ዙር ያገኘዋል። ይህም ማለት የጥንቱን መልክ የለበሰው ሞተር ኀይሉን ቀድሞ ይሰጣል፤ ከመብራት ላይ ሲነሣ፣ ዳገት ሲወጣ፣ መኪና ሲቀድም ሳይጨነቅ ይታዘዛል ማለት ነው። ስለዚህ በመልኩ የተወቀሰው ሞተር በከተማ ውስጥ የተሻለ ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ደግሞ ነገሩን ከሌላው ወገን እንየው። ጌጥ የሚባለው ቀለምና ቅርፅ ብቻ ይመስለናል፤ የጉልበት ቍጥርም ጌጥ ሊሆን እንደሚችል አናስተውልም። ዱካቲ በ2020 ያወጣው ስትሪትፋይተር ቪ 4 የተባለው ራቁት ሞተር 208 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ይህም የ1969ኙ ሆንዳ ከነበረው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በጐኑና በጐኑ ክንፎች ተተክለውለታል፤ እንደ ፋብሪካው መግለጫ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ እነዚህ ክንፎች በ28 ኪሎ ግራም ክብደት ወደ መሬት ይጫኑታል። የመሐንዲሱ ብልሃት የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ፍጥነት ሽፋን በሌለው ሞተር ላይ የሚቀመጠው ሰው ማን ነው? የነፋስ ሕግ ለማንም አያዳላም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያንን ነፋስ ለመሰንጠቅ ሞተሩ የሚያወጣው ጉልበትም ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ደረትን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ፣ በ120 ላይ አንገትን ይጐትታል። ቀና ብሎ የተቀመጠ ነጂ ከዚያ በላይ ለብዙ ሰዓት ሊታገሠው አይችልም። ስለዚህ በራቁት ሞተር ላይ ከተወሰነ መጠን ያለፈ ጉልበት፣ እንደ በዓል ቀን ካባ አልፎ አልፎ የሚለበስ ጌጥ ነው እንጂ የዕለት ልብስ አይደለም።

በአንጻሩ ያማሃ በ2014 ያወጣውን ኤም ቲ 07 ብንመለከት፣ ሁለት ሲሊንደርና 75 ያህል የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው፣ ክብደቱም 180 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ ነው። ቍጥሩ የሚያስፎክር አይደለም። ነገር ግን ሞተሩ ከዝቅተኛው ዙር ጀምሮ ይስባል፤ ቀላል ስለ ሆነም በጠባብ መንገድ ይታጠፋል፣ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ ይቆማል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ገዛው። ከ2016 ጀምሮም ያንኑ ሞተር ኤክስ ኤስ አር 700 በሚል ስም የጥንት መልክ አልብሰው ሸጡት። አንዱን ወይም ሌላውን የመረጠ ሰው የመረጠው ከሞላ ጐደል ልብሱን ነው፤ ሥራው አንድ ነውና።

መልክ ሥራን በግልጥ የሚጐዳበት ስፍራ ግን አለ፤ ይህንንም መሸሸግ አይገባም። የዘመኑ ነዳፊዎች ሞተሩ ለመዝለል ያደባ አውሬ እንዲመስል ክብደቱን ሁሉ ወደ ፊት ይሰበስቡታል፤ ጅራቱን ያሳጥሩታል። የክብደቱ ወደ ፊት መሆን ጥቅም አለው፤ የፊት ጐማ መሬቱን እንዲጨብጥ ይረዳል። የጅራቱ ማጠር ግን የጭቃ መከላከያውን ያሳጥራል፤ ሁለተኛውንም መቀመጫ የመዳፍ ስፋት ያሳክለዋል። በክረምት ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው የኋላ ጐማው የሚረጨውን ጭቃ በኮቱ ጀርባ ይዞ ይገባል፤ ከኋላ የተፈናጠጠውም መያዣ አጥቶ በነጂው ወገብ ላይ ይንጠለጠላል። ይህ ለመልክ ሲባል የተከፈለ ዋጋ ነው፤ ከፋዩም ነዳፊው ሳይሆን ገዢው ነው።

በመጨረሻ ወደ ሞንስተር ልመልሳችሁ። በ2021 ለገበያ የወጣው አዲሱ ሞንስተር ያንን የተወደደውን የብረት መረብ ትቶ በአጭር የአሉሚኒየም ሻንሲ መጣ። ወዳጆቹ አዘኑ፤ «ሞንስተር ሞተ» ያሉም ነበሩ። አዲሱ ሻንሲ ግን 3 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ከቀድሞው በ4.5 ኪሎ ግራም ይቀላል። ጠቅላላው ሞተር ብስክሌትም ሞንስተር 821 ከተባለው ቀዳሚው በ18 ኪሎ ግራም ቀለለ። ከዚህም በላይ ሊታሰብ የሚገባው፣ የሻንሲው ዐይነት የተወሰደው አሁንም ከእሽቅድምድሙ ሞተር መሆኑ ነው። በ1992 የተደረገውም ይኸው ነበር። ያን ጊዜ የእሽቅድምድሙ ሻንሲ የብረት መረብ ስለ ነበረ መረብ ሆነ፤ ዛሬ አሉሚኒየም ስለ ሆነ አሉሚኒየም ሆነ። ወዳጆቹ ያለቀሱለት መልኩን ነው፤ ጠባዩ ግን አልተለወጠም። የሆነ ሆኖ ኀዘናቸውን ከንቱ ነው ብዬ አላቃልለውም፤ ሰው ለሚወደው ዕቃ ይጠነቀቅለታል፣ ያጥበዋል፣ ዘይቱን በጊዜው ይለውጥለታል፤ መልክም በዚህ በኩል ሥራ ይሠራል።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ በሱቅ መስታወት ውስጥ የሚያብለጨልጭ ሞተር ብስክሌት ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ የማየው ክፍል ምን ይሠራል? ይህ የተጻፈው የጉልበት ቍጥር እኔ በምሄድበት መንገድና በምሄድበት ፍጥነት ምን ያህሉ ይደርሰኛል? በዝናብ ቀን፣ ሰው ከኋላዬ አስቀምጬ ብነዳው እንዴት ይሆናል? ለሦስቱም የሚያረካ መልስ ካገኛችሁ፣ መልኩን ያለ ኀፍረት ውደዱት። ካላገኛችሁ ግን አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉትን አስታውሱ፤ ከብረት ፈረስም የሚፈለገው መጀመሪያ በደኅና ማድረሱ ነው።