ማሽኑ ለምን ጮኸ?

ባንክ ቤት ገንዘብ ስታስገቡ ገንዘብ ተቀባይዋ እስሩን ፈታ መቁጠሪያው ማሽን ላይ ታደርገዋለች። ብሩ እየተርገበገበ ሲያልፍ ድንገት ማሽኑ ጮኾ ቀጥ ይላል። ምን አይቶ ነው?

ከሁሉ በፊት ወረቀቱን ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ነጭ እንዲመስል ኬሚካል ይጨመርበታል፤ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ቦግ ብሎ ሰማያዊ ይሆናል። የገንዘብ ኖት ግን በአብዛኛው ከጥጥ ስለሚሠራ ደብዘዝ እንዳለ ይቀራል፤ የሚያበሩት ሆን ተብለው የገቡበት ክሮችና ምልክቶች ብቻ ናቸው። በፎቶኮፒ የተባዛ ፎርጅድ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይያዛል። ማግኔታዊ ቀለም የሚፈልጉ መመርመሪያዎችም አሉ።

ሳንቲም ሲሆን ማሽኑ ስፋቱንና ውፍረቱን ይለካል፤ ኤሌክትሪክ ባለበት ጥቅል ሽቦ አጠገብም ያሳልፈዋል። እያንዳንዱ የብረት ዓይነት በሽቦው መግነጢሳዊ መስክ ላይ የራሱን ለውጥ ያመጣል። የ1 እና የ2 ዩሮ ሳንቲሞች መሃላቸው በሦስት ንብርብር ብረት የተሠራው ማሽን በቀላሉ እንዳይታለል ነው።

ማሽን የሚያውቀው ግን የተማረውን ብቻ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. በአገራችን እንደሆነው አዲስ ኖት ሲወጣ ሶፍትዌሩ ካልታደሰ እውነተኛውንም ይመልሳል። ያረጀ ወይም በፕላስተር የተጣበቀ ብርም ያስጮኸዋል። ስለዚህ ደንበኛን ከመጠርጠር በፊት ኖቱን ደግሞ ማሳለፍ ተገቢ ነው።