በሩ የማይመዝነው ትምህርት፦ የሥዕል ክፍለ ጊዜና የተማሪ ዕድገት በጄኔቫና በዙሪክ



በስዊዘርላንድ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ በግልጽ የሚታይ፣ ግን ብዙ የማይነገርለት አንድ ተቃርኖ አለ። ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃውን የማቱራ ምስክር ወረቀት የሚፈልግ የጂምናዚየም ተማሪ ከሚመዘንባቸው መሠረታዊ ትምህርቶች አንዱ የእይታ ጥበብ ወይም ሙዚቃ ነው። ወደ ጂምናዚየም የሚያስገባው በር ግን ሥዕልን አይመዝንም። በዙሪክ ካንቶን በስድስተኛ ክፍል የሚሰጠው የመግቢያ ፈተና የጀርመንኛና የሒሳብ ነው። በጄኔቫም ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን ጨርሰው ወደሚቀጥለው እርከን ሲያልፉ በፈረንሳይኛና በሒሳብ ውጤታቸው በሦስት ምድብ ሲደለደሉ ቆይተዋል። ከበሩ ወዲያ የሚቆጠረው ችሎታ በበሩ ላይ አይቆጠርም። (በዚህ ንግግር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ተቃርኖ ማን እንደሚጎዳ ለመገመት አያዳግትም። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ተነሥቶ በአሥር ዓመቱ ጄኔቫ የገባ ልጅ ሒሳቡን ያውቅ ይሆናል፤ ጥያቄውን ግን በፈረንሳይኛ አንብቦ መረዳት አለበት። የትምህርት መንገዱ በሚለይበት በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ በቋንቋው ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነው። ሁለቱም ካንቶኖች ለአዲስ መጤ ልጆች የመቀበያ ክፍሎችና ተጨማሪ የቋንቋ ትምህርት ማዘጋጀታቸው የሚመሰገን ነው። ይሁንና ልጁ ቋንቋውን እስኪለምድ ድረስ አስተውሎቱን፣ ትዕግሥቱንና ሐሳቡን በምን ያሳይ? በሳምንቱ የክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሰጡ ከሚችሉት ጥቂት ሰዓታት አንዱ የሥዕል ሰዓት ነው።

የአገሪቱ የራሷ ታሪክ ይህን ያስረዳል። አልቤርቶ ጃኮሜቲ በ1901 የተወለደው ጣሊያንኛ በሚነገርበት በብሬጋልያ ሸለቆ ነው። በ1915 ጀርመንኛ በሚነገርበት አካባቢ ወደሚገኘው የሺርስ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። አባቱ ሠዓሊ ስለነበር የእርሳስ አያያዝ የለመደው በቤቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የጨመረለት የሚሠራበትን ቦታና ፈቃድ ነበር። በ1919 ወደ ጄኔቫ ሄዶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቢመዘገብም፣ ብዙ ሳይቆይ እዚያው ከተማ ወደሚገኘው የጥበብና የሙያ ትምህርት ቤት ተሻግሮ ቅርጻ ቅርጽ አጠና። በ1965 በስሙ የተቋቋመው ፋውንዴሽን መቀመጫ ዙሪክ ሲሆን፣ ሥራዎቹም በከተማዋ ታላቅ የጥበብ ሙዚየም በኩንስትሃውስ ይታያሉ።

የዮሃነስ ኢተን ታሪክ ደግሞ ለትምህርት ፖሊሲ ይበልጥ የቀረበ ነው። በ1888 የተወለደው ኢተን መጀመሪያ የሠለጠነው ለመጀመሪያ ደረጃ መምህርነት ነው። በ1909 በጄኔቫ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጀምሮ፣ በአስተማሪዎቹ ዘዴ ሳይረካ ወደ በርን ተመለሰና ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ተማረ። በ1912 ግን ዳግመኛ ወደ ጄኔቫ ሄደ። በዚህ ጊዜ ያገኘው መምህር ኤዤን ጂያር የቅርጽን መሠረታዊ ነገሮች ከክብ፣ ከሦስት ማዕዘንና ከአራት ማዕዘን እየተነሣ ያስተምር ነበር። ኢተን ከዚያ የቀሰመውን በኋላ በቫይማር ባውሃውስ ከ1919 እስከ 1923 ባስተማረው የመግቢያ ኮርስ አዳበረው፤ ተማሪዎቹ ብርሃንና ጨለማን፣ ሻካራና ልስልስን እያነጻጸሩ በእጃቸው እንዲመረምሩ ያደርግ ነበር። ከ1938 ጀምሮም ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል የዙሪክን የጥበባትና እደ ጥበባት ትምህርት ቤት መራ።

ኢተን ገና የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ሳለ የያዘው ልማድ ልብ ሊባል ይገባል። የአንድን ልጅ ሥዕል ነጥሎ ከመንቀፍ ይቆጠብና የጋራ ስሕተቶችን ከመላው ክፍል ጋር ይወያይባቸው ነበር። ይህ ልጅን ማሞላቀቅ አልነበረም። ልጅ ሲጀምር የሚሥለው የሚያውቀውን እንጂ የሚያየውን አይደለም፤ ጠረጴዛ አራት እግር እንዳለው ስለሚያውቅ፣ ከተቀመጠበት ሁለቱ ብቻ ቢታዩትም አራቱን ይሥላል። ከሚያውቀው ወደሚያየው መሻገር ጊዜ ይጠይቃል፤ ደጋግሞ ማየት፣ መፋቅና እንደገና መጀመር አለበት። በዚህ መካከል የሚያፍር ልጅ እርሳሱን ያስቀምጣል፤ የማያፍር ልጅ ግን የገዛ ስሕተቱን አይቶ ማረምን ይለምዳል። በሥዕል ክፍል ውስጥ የተማሪ ዕድገት ማለት በዋናነት ይህ ነው።

በ1746 ዙሪክ የተወለደው ፔስታሎትሲም ልጅ ፊደል ከመጻፉ በፊት መሣልና መለካት እንዲለምድ ያስተማረው በዚሁ ምክንያት ነው። ዓይንና እጅ ተስማምተው ሲሠሩ ማሰብም አብሮ ይሠለጥናል የሚል እምነት ነበረው።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፤ ጃኮሜቲና ኢተን ልዩ ተሰጥኦ ነበራቸው፣ ሕግ ደግሞ የሚወጣው ለሁሉም ልጅ ነው። እውነት ነው፤ ተሰጥኦን የሚደነግግ ሕግ የለም። ነገር ግን ሁለቱም ወጣቶች በመጀመሪያ የገቡበት ክፍል አልተስማማቸውም፤ ያዳናቸው እዚያው ከተማ ሌላ ክፍል፣ ሌላ መምህር መገኘቱ ነው። ሁለተኛ በር መክፈት፣ ቦታ መስጠትና ብቁ መምህር መመደብ ግን የሕግና የበጀት ጉዳይ ነው። የሥዕል ትምህርት መለኪያም የሚያፈራቸው ሠዓሊዎች ብዛት አይደለም፤ ሒሳብም የሚሰጠው ሁሉንም ልጅ የሒሳብ ሊቅ ለማድረግ አይደለምና።

ተሟጋቾች ደግሞ ከአንድ ስሕተት መጠንቀቅ አለባቸው። ሥዕል የሒሳብ ውጤት ያሻሽላል በሚል ክርክር ላይ መቆም አያዛልቅም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2013 ያሳተመው ሰፊ የጥናቶች ግምገማ፣ የእይታ ጥበብ ትምህርት የሌሎችን ትምህርቶች ውጤት ከፍ ያደርጋል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ እንዳላገኘ አመልክቷል። ዋናው መከራከሪያ ሥዕል በራሱ የሚያስተምረው ነገር፣ ማለትም ማስተዋል፣ መጽናትና የራስን ሥራ መመርመር ሊሆን ይገባል። በተውሶ ዋጋ የቆመ ትምህርት፣ ተውሶው ሲጠየቅ ይወድቃል።

የሕጉ ሁኔታስ? ሴፕቴምበር 23 ቀን 2012 የስዊዘርላንድ ሕዝብ በ72.7 በመቶ ድምፅ የሙዚቃ ትምህርትን የሚመለከት አንቀጽ 67ሀን በሕገ መንግሥቱ አካቷል። አንቀጹ ፌዴሬሽኑና ካንቶኖቹ የሙዚቃ ትምህርትን እንዲያበረታቱ፣ በትምህርት ቤትም ጥራቱ እንዲጠበቅ እንዲተጉ ያዛል። ለሥዕል ግን ይህን የመሰለ አንቀጽ የለም፤ አንቀጽ 69 ፌዴሬሽኑ ጥበብን ማበረታታት እንደሚችል ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። በሌላ በኩል የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ2017 መጨረሻ በሰጠው ውሳኔ፣ መሠረታዊ ትምህርት ነጻ ነው ማለት ለትምህርቱ አስፈላጊ የሆኑ ነገሮችም ወላጅን አያስከፍሉም ማለት እንደሆነ አጽንቷል። ቀለምና ወረቀት በዚህ መርሕ ሥር የማይወድቁበት ምክንያት የለም።

ጄኔቫ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ የሚሰበሰብባት ከተማም ናት። የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 29 ትምህርት የልጁን ስብእናና ተሰጥኦ እንዲያዳብር፣ በአንቀጽ 31 ደግሞ ልጁ በባህልና በጥበብ ሕይወት እንዲሳተፍ ይደነግጋል። ኮሚቴው በ2013 ባወጣው ጠቅላላ አስተያየት ቁጥር 17 የኋለኛውን አንቀጽ በስፋት ተርጉሟል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1991፣ ስዊዘርላንድ ያጸደቀችው በ1997 ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለአዲስ አበባም ባዕድ አይደለም።

ኢትዮጵያም የራሷ ምስክር አላት። በ1932 አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ የሄዱት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር። የሥዕል ችሎታቸውን አይተው ወደ ጥበብ ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ያበረታቷቸው እዚያ ያስተማሯቸው መምህራን ናቸው። ዛሬ በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የእኒያ መምህራን አስተውሎት ፍሬም ነው። የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት በአዲሱ የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ቦታ አግኝቷል፤ በመማሪያ ክፍል ቦታ የሚያገኘው ግን መምህር፣ ወረቀትና ሰዓት ሲኖረው ነው።

ከዚህ በመነሣት ለሕግ አውጪዎች አራት ጥያቄዎች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ የሥዕል ክፍለ ጊዜ በፈተና ዝግጅት ሰሞን ለሌላ ትምህርት እንዳይሰጥ ዝቅተኛው ሰዓት በደንብ ይጠበቅ።

ሁለተኛ፣ ለትምህርቱ የሠለጠነ መምህር ይመደብ፤ ቁሳቁሱም ከወላጅ ኪስ አይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ አዲስ መጤ ልጆች ቋንቋ በመቀበያ ክፍል ቢማሩም፣ ሥዕልን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከመደበኛ ክፍል ልጆች ጋር ይማሩ። ዝም ያለው ልጅ በእኩዮቹ ዘንድ ሥራው አስቀድሞ ሊናገርለት ይችላል።

አራተኛ፣ ተማሪው በሚደለደልበት ጊዜ፣ በዓመቱ ውስጥ የሠራቸው ሥራዎች የተሰበሰቡበት ማኅደር ከመምህሩ አስተያየት ጋር ለውሳኔ ሰጪዎች ይቅረብ። ይህ ቋንቋንና ሒሳብን አይተካም፤ በማስረጃው ላይ የጎደለውን ይሞላል እንጂ።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጥ ክርክር ያስነሣል፤ ማኅደርን በእኩል ሚዛን መመዘን ከባድ ነው፣ ባለሀብት ወላጅም አስጠኚ ቀጥሮ ሊያሳምረው ይችላል ይባላል። ስለዚህ ማኅደሩ በክፍል ውስጥ፣ በመምህሩ ፊት የተሠራውን ብቻ ይያዝ፤ ያለቀለትን ሥዕል ብቻ ሳይሆን የተፋቀውንና እንደገና የተጀመረውንም ይጨምር። የልጁ ዕድገት በግልጽ የሚነበበው በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ነው፤ የዙሪክም ሆነ የጄኔቫ በር እስካሁን አልተመለከታቸውም።